ከማተሚያ ቤቱ አትውጪ

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአጭሩ ያልሽው ይህ ነው። ዕድሜሽ 24 ነው፤ በአባትሽ ምርጫ አካውንቲንግ ተምረሽ ተመርቀሻል፤ ላለፉት ሁለት ዓመታት ግን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት የገጽ ቅንብር እየሠራሽ፣ ማታ ማታ የግዕዝ ፊደል ቅርጾችን ትነድፊያለሽ። አሁን አንድ ባንክ ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛነት ጠርቶሻል፤ ደመወዙ ማተሚያ ቤቱ ከሚከፍልሽ በእጅጉ ይበልጣል፤ መልስ እንድትሰጪ የቀረሽም ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። የወንድምሽ የኮሌጅ ክፍያም ያሳስብሻል። አባትሽ «ከቀለም ጭቅቅት ወጥተሽ እንደ ሰው ቢሮ ግቢ» ይሉሻል። አንቺ ደግሞ ስለ ጀርመናዊው የፊደል ነዳፊ ስለ ኸርማን ዛፕፍ ካነበብሽ ወዲህ፣ ባንኩንም ማተሚያ ቤቱንም ትተሽ፣ ቤትሽ ተቀምጠሽ ፊደል በመንደፍ ብቻ ለመኖር አስበሻል። «እሱ ዕድሜውን ሙሉ ለፊደል ኖረ፤ እኔስ ለምን አልኖርም?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ልጄ፣ የዛፕፍን ስም ከደብዳቤሽ ውስጥ ሳገኝ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ከሕይወቱ የቀሰምሽው ትምህርት ሕይወቱ ከሚያሳየው ጋር ፈጽሞ የሚቃረን ስለሆነ፣ ሌሎቹን ጥያቄዎችሽን በአጭር በአጭሩ አልፌ በዚህኛው ላይ እቆያለሁ። ዛፕፍ ፊደል ነዳፊ የሆነው ከተቀጣሪነት ሸሽቶ አይደለም፤ ተቀጥሮ፣ ከማተሚያ መኪና አጠገብ ውሎ ነው።

ሰውየው በ1918 እ.ኤ.አ. በኑረምበርግ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ የተመኘው ፊደልን ሳይሆን የኤሌክትሪክ ምሕንድስናን ነበር። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ግን አባቱ ከሠራተኞች ማኅበር ጋር በነበራቸው ግንኙነት ምክንያት ሥራቸውን አጡ፤ ልጁም የሚፈልገው የቴክኒክ ተቋም በር ተዘጋበትና በተለማማጅነት የሚቀበለው ድርጅት መፈለግ ግድ ሆነበት። የሥዕል ችሎታውን ያዩ መምህራኑ ወደ ሕትመት ሙያ መሩት። በየድርጅቱ ሲቀርብ ሥራውን ያደንቁለታል፤ ስለ ቤተሰቡ የፖለቲካ አቋም ከጠየቁት በኋላ ግን ያሰናብቱታል። ዐሥር ወር ያህል ከተንከራተተ በኋላ በ1934 ለሕትመት የሚዘጋጁ ምስሎችን የሚያርም ተለማማጅ ሆኖ ተቀጠረ። ያኔ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር፤ ሥራውም ከፊደል ጋር የሚያገናኘው እምብዛም አልነበረም።

በዓመቱ በዚያው ከተማ ለታላቁ የፊደል ባለሙያ ለሩዶልፍ ኮኽ መታሰቢያ የሚሆን ዐውደ ርእይ ተከፈተ። ዛፕፍ ያን ካየ በኋላ ሁለት መጻሕፍት ገዛ፤ ጫፉ ሰፋ ያለ ብዕርም ይዞ ያለ አስተማሪ ቤቱ ውስጥ መለማመድ ጀመረ። ቀን ለእንጀራው ምስል ያርማል፤ ማታ ይጽፋል። ይህ የአንቺ የዛሬ ኑሮ መሆኑን ልብ በይ። የተለማማጅነት ዘመኑን በ1938 ጨርሶ ወደ ፍራንክፈርት ሄደና በኮኽ ልጅ ወርክሾፕ ገባ፤ ከሽቴምፔል የፊደል ማምረቻ ድርጅት ጋር የተዋወቀውና የመጀመሪያ ፊደሉን የነደፈው እዚያ ነው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ በውትድርና ዘመኑም ካርታ ሣይ ሆኖ አገለገለ። በ1947 ሽቴምፔል የማተሚያ ክፍሉ የሥነ ጥበብ ኃላፊ አድርጎ ቀጠረው። ዛሬ በዓለም የሚታወቀው ፓላቲኖ የተባለው ፊደሉ በ1950 ዓለም ያየው በዚህ ቅጥር ላይ ሳለ ነው። ከቅጥሩ የወጣው በ1956 ነበር። ከተለማማጅነቱ ጀምሮ ብትቆጥሪው 22 ዓመት ይሆናል።

አንቺ በደብዳቤሽ የጠቀስሽው የብር ኖቱን ታሪክ ነው። እውነት ነው፤ ዛፕፍ በ1950 ፍሎረንስ ውስጥ በሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን የመቃብር ድንጋዮች ላይ የተቀረጹ ፊደላትን ባየ ጊዜ ወረቀት ስላልያዘ፣ ኦፕቲማ የተባለውን የሌላውን ፊደሉን የመጀመሪያ ንድፍ በ1000 ሊሬ የገንዘብ ኖት ላይ ሥሎታል። ይህን የሚያነብ ወጣት ሁሉ ፊደል በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚወለድ ይመስለዋል። ኦፕቲማ ግን ለገበያ የወጣው በ1958 ነው። በመካከል ስምንት ዓመት አለ፤ ከስምንቱም ስድስቱን ዛፕፍ የወር ደመወዝተኛ ነበር። ያ ንድፍ ስምንት ዓመት እስኪበስል የተጠበቀው የቤት ኪራዩን ሌላ ገቢ ይከፍለው ስለነበር ነው ብዬ አምናለሁ። አንቺ ልትለቂው ያሰብሽው ያንን ነገር ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ እኔ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። በብረት ፊደል ዘመን ነዳፊ ብቻውን የሚሠራው ሥራ አልነበረም። በወረቀት ላይ የተሣለው ፊደል መጀመሪያ በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ተገልብጦ ይቀረጻል፤ ብረቱ በመዳብ ላይ ተመትቶ ጎድጓዳ ቅርጽ ይወጣል፤ በዚያ ቅርጽ ውስጥ እርሳስ ከቆርቆሮና ከአንቲሞኒ ጋር ቀልጦ ይፈስሳል። ይህ ሁሉ ለእያንዳንዱ መጠን እንደገና ይሠራል፤ የትንሹ መጠን ፊደል የትልቁ ቅናሽ ብቻ ስላልሆነ መስመሩ ወፈር፣ በፊደሉ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታም ሰፋ ማለት አለበት። የፓላቲኖን ብረት የቀረጸው አውጉስት ሮዘንበርገር የተባለ የእጅ ባለሙያ ነበር። ቀጭን መስመር የማተሚያውን ጫና ይችል እንደሆነ የሚያውቀው እንዲህ ያለ ሰው ነው። ከጦርነቱ በኋላ በጀርመን የነበረው ወረቀት ደካማ ስለነበር ዛፕፍ ፓላቲኖን ሲነድፍ ይህን አስቦ መስመሩን ጠንከር፣ የፊደሉንም ሆድ ክፍት አድርጎታል። ይህን ዕውቀት ያገኘው ወረቀቱንና ቀለሙን በየቀኑ ከሚነካ ሰው ጋር ስለዋለ ነው።

እኔ በ1978 ዓ.ም. በ19 ዓመቴ ሥራ የጀመርኩት በፊደል ለቃሚነት፣ ማለትም የብረት ፊደሎችን አንድ በአንድ ለቅሞ ለሕትመት በመደርደር ነበር። የላቲኑ ለቃሚ ፊደሉ ሁሉ እጁ በሚደርስበት ሳጥን ውስጥ ያድርለታል፤ ላይኖታይፕ የተባለው የፊደል መደርደሪያ መኪናም በ90 ቁልፍ ያገለግለዋል። እኛ ግን 33ቱን በሰባት ስናበዛ 231፣ ዲቃላዎቹና አኃዞቹ ሲጨመሩ ከዚያም በላይ ፊደል ስለነበረን፣ ከሳጥን ሳጥን እየተራመድን ነበር የምንለቅመው። በዚያ ሥራ ላይ ከማንኛውም ፊደል ይልቅ ያስቸገረኝ ኃምሱ ነው። የ«ቤ» ቀለበት ጠባብ ሆኖ ከተነደፈ ቀለም ይሞላውና ይደፈናል፤ የተደፈነ «ቤ» ደግሞ «ቢ» ሆኖ ይነበባል። «ቤት» ብለን የለቀምነው «ቢት» ሆኖ ይወጣ ነበር። አራሚው በቀይ ያሰምርበታል፤ ተወቃሹ ለቃሚው ነው፤ ጥፋቱ ግን ቀለበቱን ያጠበበው፣ ምናልባትም በሕይወቱ ማተሚያ ቤት ገብቶ የማያውቀው ነዳፊ ነበር።

በላክሽልኝ ናሙና ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። ሳድስሽ ውብ ነው፤ የ«ር» እና የ«ን» አንገት አጣጣልሽ የብራና ጽሑፍ ማየትሽን ይመሰክራል። የኃምሱ ቀለበት ግን ጠባብ ነው። በኮምፒውተር ላይ አጉልተሽ ስታዪው ያምራል፤ በ9 ነጥብ መጠን በጋዜጣ ወረቀት ላይ ሲታተም ግን «ሌ»ሽም «ቴ»ሽም ይደፈናሉ። ቤትሽ ዘግተሽ ከተቀመጥሽ ይህን የሚነግርሽ ሰው አይኖርም። አሁን ባለሽበት ማተሚያ ቤት ግን የኦፍሴት ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ በአንድ ደቂቃ ያሳይሻል።

ብቻዬን እሠራለሁ የሚለውንም ነገር ሞክሬው ዐውቀዋለሁ። በ27 ዓመቴ ከማተሚያ ቤት ወጥቼ የራሴን የንድፍ ቤት ከፍቼ ነበር። ከነበሩኝ ሁለት ትልልቅ ደንበኞች አንዱ ሳይከፍለኝ ቀረ፤ በ14ኛው ወር ዘጋሁት። የከሰርኩት ገንዘብ በኋላ ተተካ። ሊተካ ያልቻለው ያ ጊዜ ነው፤ ኪራይ ለመክፈል ሌሊቱን የሠርግ ካርድና ማኅተም ስነድፍ ስለማድር፣ ሥራ የለቀቅኩለትን ፊደል በእነዚያ ወራት አንድም መስመር አልጨመርኩበትም።

የገንዘቡንም ነገር በግልጽ ልንገርሽ። ፊደል ሸጦ መኖር በዛፕፍ ዘመንም ከባድ ነበር። ፓላቲኖ በየአገሩ ተቀድቷል፤ ዛፕፍም የፊደል ቅርጽ የሕግ ጥበቃ እንዲያገኝ ለረጅም ዓመታት ተሟግቷል፤ በአሜሪካ እስከ ዛሬ ድረስ ኮምፒውተር ውስጥ የሚጫነው ፕሮግራም እንጂ የፊደሉ ቅርጽ ራሱ በቅጂ መብት አይጠበቅም። በእኛ ዘንድ ደግሞ አንድ ፊደል ለአንድ ሰው ከተሰጠ በፍላሽና በቴሌግራም ተላልፎ በሳምንቱ በየኮምፒውተር ቤቱ ይገኛል። ስለዚህ የመጀመሪያ ገቢሽ ፊደሉን ለብዙ ሰው በመሸጥ ሳይሆን፣ ለአንድ አሳታሚ ወይም ለአንድ ድርጅት የራሱን መለያ ፊደል ሠርቶ በማስረከብ የሚመጣ ይሆናል። እንዲህ ያለ ደንበኛ የሚመጣው ደግሞ ወደ ማተሚያ ቤት ነው።

አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ። ስላስተማሩሽ ክብር ይገባቸዋል፤ በዚህ ነገር ግን ተሳስተዋል፤ ለስላሳ ቃል ፈልጌም አልሸፍነውም። በእጅ የሚሠራ ሰው ከወንበር ሠራተኛ ያነሰ ነው የሚለው አስተሳሰብ ይህችን አገር ብዙ አስከፍሏታል። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ ብሎ መስደብ እጅግ ተስፋፍቶ ስለነበር ዳግማዊ ምኒልክ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በቀለም የተነካ እጅሽ የሚያሳፍራቸው ከሆነ፣ ዕለት ዕለት የሚጸልዩበት መዝሙረ ዳዊት በምን እጅ እንደታተመ በትሕትና ጠይቂያቸው። የወንድምሽን የኮሌጅ ክፍያ በተመለከተም፣ አባትሽ ሁለት ክፍል እንደሚያከራዩ ራስሽ ጽፈሻል። ክፍያው በቅድሚያ የእሳቸው ኃላፊነት ነው። አንቺ የምትችይውን የተወሰነ መጠን ቁረጪና በየወሩ ሳታጓድዪ ስጪ፤ የእሱ ክፍያ ግን የአንቺን ሙያ የሚወስን ምክንያት አይሁን።

ባንኩ መጥፎ ነው አላልኩም። ነገር ግን ከጥዋት እስከ ምሽት ከቁጥር ጋር ውለሽ፣ በትራንስፖርት ሰልፍ ደክመሽ ቤት ስትገቢ፣ ፊደሉን ለቅዳሜ ታስተላልፊዋለሽ፤ ቅዳሜም ለቤተሰብ ጉዳይ ይሆናል። ከማተሚያ ቤት ወጥተው ወደ ፊደል የተመለሱ ብዙ ሰዎች አላጋጠሙኝም።

ስለዚህ ምክሬ የባንኩን ጥሪ በአክብሮት መልሺ፣ ማተሚያ ቤቱንም አትልቀቂ የሚል ነው። ሆኖም በዛሬው ሁኔታ አትቀጥዪ። በዚህ ሳምንት ባለቤቱን ቀጠሮ ይዘሽ አነጋግሪያቸው። በወር ሁለት ቀን የማተሚያ ቤቱን የሒሳብ መዝገብ ልትይዢላቸው እንደምትችዪ ንገሪያቸውና በምትኩ የደመወዝ ጭማሪ ጠይቂ፤ አነስተኛ ማተሚያ ቤቶች ለውጭ የሒሳብ ባለሙያ የሚከፍሉት ገንዘብ እንዳለ አንቺ ከእኔ በተሻለ ታውቂያለሽ። ከጭማሪው በላይ ግን አጥብቀሽ የምትጠይቂው፣ ማሽኑ ለሌላ ሥራ በሚዘጋጅበት ጊዜ በሚተርፍ ወረቀት ላይ የራስሽን ፊደል የሙከራ ገጽ እንድታትሚ እንዲፈቅዱልሽ ነው። ሁለቱንም ከከለከሉሽ ሌላ ማተሚያ ቤት ፈልጊ እንጂ ወደ ቤትሽ አትግቢ።

«24 ዓመት አልዘገየም ወይ?» ላልሽው፣ አሜሪካዊው የፊደል ነዳፊ ዊልያም ድዊጊንስ ሜትሮ የተባለውን የመጀመሪያ የላይኖታይፕ ፊደሉን በ1929 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ወደ 50 ዓመቱ ተጠግቶ ነበር። ስለ ትምህርት ለጠየቅሽው፣ በእንግሊዝ አገር ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ የፊደል ንድፍ ትምህርት በማስተርስ ደረጃ ይሰጣል፤ አንድ ሙሉ ፊደል ጨርሰሽ ሳትይዢ ግን ለማመልከት አትድከሚ። ስለ ፊደል መንደፊያ ሶፍትዌር ለጠየቅሽው፣ በነጻ የሚገኘው ፎንትፎርጅ ለጊዜው ይበቃሻል።

ሥራውን ከ«ቤ» ጀምሪ። የኃምሱን ቀለበት በሦስት ዓይነት ስፋት ንደፊውና በ8፣ በ9 እና በ11 ነጥብ፣ በጋዜጣ ወረቀትና በነጭ ወረቀት አሳትሚው። ከዚያም «ቢት» እና «ቤት»፣ «ሚስት» እና «ሜዳ» እያቀላቀልሽ አንድ ገጽ ሙይና፣ መነጽር የሚያደርግ ሰው ያለ መነጽሩ እንዲያነበው ስጪው፤ አባትሽ ቢያነቡልሽ የተሻለ ነው። የተሳሳቱበትን ቃል ሁሉ በእርሳስ አስምረሽ፣ ገጹን ሳታስተካክዪ እንዳለ ላኪልኝ።