ለካንሰር ክትባት የግድ ሐኪም መሆን አለብኝ?

«ባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። በቆዳ ካንሰር ክትባት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። አቋርጬ ሕክምና ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል።

አታቋርጪ፣ እህቴ። ሥራው ምን እንደሆነ መጀመሪያ እንየው።

ቲ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሴል የካንሰር ሴልን ሆድ ዕቃ ከፍቶ አያይም። ሴሎቻችን ግን ፕሮቲናቸውን ቆራርጠው፣ ቁርጥራጩን ኤችኤልኤ በሚባል መያዣ ላይ አድርገው ወደ ውጭ ያሳያሉ። ቲ ሴል የሚያየው ይህንኑ ነው። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የፀሐይ ጨረር ዲኤንኤውን ስላበላሸው በሚውቴሽን (በዲኤንኤ ለውጥ) የተሞላ ነው። ስለዚህ ባዕድ የሚመስል ቁርጥራጭ አያጣም።

ጣጣው ምርጫው ላይ ነው። ከዚያ ሁሉ ሚውቴሽን የትኛው መያዣው ላይ ይቀመጣል? የትኛውስ ቲ ሴልን ይቀሰቅሳል? ኤችኤልኤ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ለአንዱ የሠራው ለሌላው ላይሠራ ይችላል።

ሞደርና እና መርክ የሚባሉት የመድኃኒት ኩባንያዎች የሚሞክሩት የኤምአርኤንኤ (ለሴል የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ የሚሰጥ) ክትባት ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ታካሚ ለብቻው የሚዘጋጀው። ከታካሚው ዕጢ ሚውቴሽኖች የተመረጡ እስከ 34 ዒላማዎች ይይዛል። (ጤነኛ ሰው የሚከተበው እንዳይመስልሽ፤ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ለወጣለት ታካሚ ነው።) 157 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ፣ ክትባቱን ፔምብሮሊዙማብ ከሚባለው፣ ቲ ሴል ካንሰርን እንዲያጠቃ ከሚረዳ መድኃኒት ጋር የወሰዱት መድኃኒቱን ብቻ ከወሰዱት ይልቅ ካንሰሩ የመመለሱ ወይም የመሞት አደጋቸው በ44 በመቶ ቀንሷል።

እነዚያን 34 ዒላማዎች የሚለየው ሐኪሙ ሳይሆን የኮምፒውተር ስሌት ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን ኢሚውኖሎጂን (የሰውነት በሽታ መከላከያ ጥናትን) ጠበቅ አድርጌ ይዤ፣ ጎን ለጎን ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ኮድ ቋንቋና ስታቲስቲክስ እማር ነበር። ኮድ መጻፍ ካስጠላሽም ቲ ሴል አሳድጎ ምርጫው ትክክል መሆኑን የሚፈትን ሰው ያስፈልጋል፤ ያ የላቦራቶሪ ሥራ ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ታካሚ አጠገብ መሆን የምትፈልጊ ከሆነ ብቻ ነው ሕክምና የሚያዋጣሽ፤ ይህንን ለራስሽ በሐቅ መልሺ።

ለጀማሪ የሚሆን ሥራ ልስጥሽ። ግማሽ ያህሉ ሜላኖማ ላይ የሚገኝ ብራፍ የሚባል ጂን ሚውቴሽን አለ። የትኛው ቁርጥራጭ የትኛው ኤችኤልኤ ላይ እንደሚቀመጥ የሚተነብይ ኔትኤምኤችሲፓን (NetMHCpan) የተባለ መሣሪያ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ሚውቴሽኑ ያለባቸውን የብራፍ ፕሮቲን ቁርጥራጮች አስገቢና በየትኞቹ የኤችኤልኤ ዓይነቶች ላይ እንደሚቀመጡ፣ በየትኞቹ እንደማይቀመጡ እዪ። ውጤቱን ሁለት ገጽ ጽፈሽ ለኢሚውኖሎጂ መምህርሽ አሳዪ። ለማስተርስ ስታመለክቺም አያይዢው።