ቁጥሩ የካንሰር ደረጃ አይደለም

እህቴ፣ «የማህፀን በር ናሙናዬ ውጤት ሲአይኤን 2 ይላል፤ ሁለተኛ ደረጃ ካንሰር ነው ማለት ነው? ሐኪሜን የማገኘው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው» ብለሽ ጠይቀሻል። የዛሬ አራት ዓመት እኔም ያንኑ ስሌት ሠርቼ ነበር፤ ያውም የእኔ 3 ነበር። ሐኪሜ ዘንድ እስክቀርብ ድረስ ልጄን ማን እንደሚያሳድግልኝ ሳስብ አደርኩ። ወረቀቱን በፖስታ አሽጎ የሰጠኝ ሰው አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ያን ያህል ባልተሰቃየሁ።

ሲአይኤን በማህፀን በር ሕዋሳት ላይ የታየ ለውጥ ስም ነው፤ ቁጥሩ የሚናገረው ለውጡ ስለያዘው ውፍረት ነው። የማህፀን በርን የሚሸፍን ስስ ሽፋን አለ። የተለወጡት ሕዋሳት ከሥር ተነሥተው የሽፋኑን ሲሶ ብቻ ከያዙ 1፣ እስከ ሁለት ሦስተኛው ከደረሱ 2፣ ከዚያ ካለፉ 3 ይባላል። ካንሰር የሚባለው ሕዋሳቱ የሽፋኑን ወለል ጥሰው ወደ ውስጠኛው ሥጋ ሲገቡ ነው። ስለዚህ 3 እንኳ ቅድመ ካንሰር ነው። ሆኖም ችላ የሚባል አይደለም፤ ሳይታከም ከተተወ ከሦስት ሴቶች በአንዷ ላይ ገደማ በ30 ዓመት ውስጥ ወደ ካንሰር ይለወጣል። 1 ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል።

የአንቺ 2 ከሁሉም አስቸጋሪው ነው፤ ናሙና መርማሪዎቹ ራሳቸው የማይስማሙበት ጊዜ አለ። ግማሽ ያህሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ያለ ሕክምና ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ዕድሜሽ ገና ከሆነና መውለድ የምታስቢ ከሆነ ሐኪምሽ «በየስድስት ወሩ እንከታተል» ቢልሽ ቸል ብሎሽ አይደለም። ናሙናው ፒ16 በተባለው ማቅለሚያ ታይቶ እንደሆነ ጠይቂ፤ ጥርጣሬውን ለመለየት ይረዳል። ለውጡ ወደ ማህፀን በር ቦይ ውስጥ ገብቶ እንደሆነም ጠይቂ።

እኔ በሊፕ ታከምኩ፤ የኤሌክትሪክ ሙቀት ባለው ቀጭን የሽቦ ቀለበት የታመመውን ክፍል ቆርጦ ማውጣት ማለት ነው። ማደንዘዣው ሲወጋ ልቤ በኃይል መታ፤ መድኃኒቱ የሚያመጣው መሆኑን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሕመም ሳይሆን ሽታው ነው የሚታወሰኝ። ለመውለድ ካሰብሽ ስንት ሚሊሜትር ጥልቀት እንደሚቆረጥ አስቀድመሽ ተነጋገሪ፤ ጥልቅ በሆነ መጠን ያለ ጊዜው የመውለድ ዕድል ይጨምራል። ቆይቶ የመጣው ውጤት «ጠርዙ ንጹሕ ነው» ይል ነበር፤ የተለወጠው ክፍል ሁሉ ወጥቷል ማለት ነው። በስድስተኛው ወር የኤችፒቪ፣ ማለትም ይህን ለውጥ የሚያመጣውና በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ቫይረስ፣ ምርመራ ተደረገልኝ፤ ክትትሉ አሁንም አላበቃም።

ባለቤትሽን ደግሞ ከወዲሁ አትጠርጥሪ። ኤችፒቪ ለዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል መቼና ከማን እንደመጣ ከወረቀቱ አይታወቅም። እኔ ይህን ሳላውቅ ቤቴን በከንቱ አምሼ አውቃለሁ።

ናሙና ከተወሰደ በኋላ ለጥቂት ቀናት ትንሽ ደም መታየቱ የተለመደ ነው። ከባድ ደም፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካየሽ ግን ሁለቱን ሳምንት ሳትጠብቂ ሂጂ።