መልስ፦ በ1988 ዓ.ም. ያረፉ አባት የሞት ማስረጃ ስለማግኘት

ለቤቱ ውርስ የሚፈልጉት የአባትዎ የሞት ማስረጃ በወረዳው የሲቪል ምዝገባ መዝገብ ያልተገኘው፣ አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው እርሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀብሩ ወደተፈጸመበት ደብር ጽሕፈት ቤት ሄደው፣ የቀብር መዝገቡ ተመርምሮ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ አባትዎ የዕድር አባል ከነበሩም ጸሐፊው የቆየ መዝገብ ይዞ ሊሆን ስለሚችል እርሱንም ያነጋግሩ። ወረዳው በእነዚህ ማስረጃዎች የሞት ምስክር ወረቀት ካልሰጠዎ፣ ለአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ሲያመለክቱ ደብዳቤውን አያይዘው በሰው ምስክርም ማስረዳት ይችላሉ።

የሐዘን ማስታወቂያ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ወጥቶ ከነበረ የቆዩ እትሞችን በወመዘክር (በብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ይፈልጉ፤ ትክክለኛውን ቀን ለማረጋገጥ ይረዳዎታል።

አደራ የምልዎት፣ በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚሰፍረው የክርስትና ስም ስለሆነ፣ ደብዳቤው ሲጻፍ መጠሪያ ስማቸውም ከነአባትና አያት ስም አብሮ እንዲገባ ያድርጉ። በዘመዶቼ ጉዳይ የስም ልዩነት ብቻውን ተጨማሪ ቀጠሮ ሲያስከትል አይቻለሁ።