የእይታ ችግር አለብኝ፤ ለዩኒቨርሲቲው ልንገር ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ከሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ቅበላ አግኝቼ አይ-20 (ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ ቪዛ የሚልከው ቅጽ) ደርሶኛል። እይታዬ በጣም ደካማ ስለሆነ የማነበው ወረቀቱን ዓይኔ ሥር አድርጌ ነው። ቤተሰቦቼ ግን «ከተናገርሽ ቅበላውም ቪዛውም ይበላሻል፣ ዝም በይ» ይሉኛል። ምን ላድርግ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህታችን፣ ንገሪ፤ ከመሄድሽ በፊት ንገሪ። እ.ኤ.አ. የ1973ቱ የተሐድሶ ሕግ አንቀጽ 504 እና እ.ኤ.አ. የ1990ው የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ሕግ የውጭ ተማሪንም ይጠብቃሉ፤ በአካል ጉዳት ምክንያት ቅበላ መሰረዝ ክልክል ነው። የቪዛ ቅጹም የሚጠይቀው ለራስ ወይም ለሌላው ደህንነት አስጊ ስለሆነ ሕመም ነው፤ የአንቺ ችግር እዚያ ውስጥ አይገባም።

የምትጽፊው ለቅበላ ክፍሉ ወይም ለመምህር ሳይሆን ለአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ፈልጎ አይመጣልሽም፤ መጠየቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ። መምህራን የሚደርሳቸው የተፈቀደልሽ ድጋፍ ዝርዝር እንጂ የሕመምሽ ስም አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በሐኪም ማስረጃው ላይ ነው። «የእይታ ችግር አለባት» የምትል አንድ መስመር አትበቃም። የሕመሙ ስም፣ የምርመራው ቀን፣ በመነጽር ታግዘሽ የምታዪው መጠን፣ እየባሰ የሚሄድ መሆን አለመሆኑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ንባብ ላይ የሚያደርሰው ችግር ይጻፍ፦ ስንት ደቂቃ አንብበሽ ዓይንሽ እንደሚደክም፣ በምን ያህል መጠን ፊደል ማንበብ እንደምትችዪ። እኛ ጋ በሜትር 6/60 የሚባለው የእይታ መጠን እዚያ በጫማ 20/200 ነው፤ ሁለቱም ይሰፍሩ። በእንግሊዝኛ፣ በማኅተምና በፊርማ ይሁን።

ከዚያ የሚያስፈልግሽን ለይተሽ ጠይቂ፦ በትልቅ ፊደል (በ18 ነጥብ መጠን) የታተመ ፈተና፣ ተጨማሪ ሰዓት (ብዙ ጊዜ የአንድ ሰዓቱ ፈተና አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል)፣ በኮምፒውተር የሚነበብ መጽሐፍ። መጽሐፍ ማዘጋጀት ሳምንታት ስለሚፈጅ ኮርስ እንደተመዘገብሽ ዝርዝሩን ላኪ። ድጋፉ ወደ ኋላ አይሠራም፤ ወድቀሽ ከነገርሻቸው ያለፈው ውጤት እንዳለ ይቀራል። ለዚህ ሁሉ ክፍያ አይጠየቅም። መነጽርና ማጉያ ግን የግልሽ ወጪ ነው፤ ትርፍ መነጽር ይዘሽ ሂጂ።

አንድ ነገር አደራ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ሙሉ ጊዜ ተማሪ የምትባለው በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት ስትወስድ ነው። በሕመም ምክንያት መቀነስ ይፈቀዳል፤ በአንድ የዲግሪ ደረጃ ግን ተደምሮ ከ12 ወር አይበልጥም፣ በየሴሚስተሩም በአዲስ የሐኪም ማስረጃ ይታደሳል። ይህን የሚፈቅደው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ነው፤ የአካል ጉዳተኞች ቢሮ «ቀንሺ» ቢልሽ እንኳ ለቪዛው አይበቃም። ፈቃዱ በሴቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎችን በሚከታተልበት ሲስተም) ላይ ሳይመዘገብ ኮርስ ድሮፕ ካደረግሽ ሕጋዊ ቆይታሽ ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ ኮርሱ ከከበደሽ መጀመሪያ ወደ ውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሂጂ፤ ፈቃዱ እስኪመዘገብ ድረስም ክፍል መግባትሽን አታቋርጪ።