የቲቢ መድኃኒት ሲጀመር ዶሉቴግራቪር ማታም የሚጨመረው ለምንድን ነው?

ስምሽን ሳትጽፊ ለጠየቅሽው እህታችን። ሌሎችም እንዲከታተሉት ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ኤችአይቪ በደምሽ ካለ ዓመታት አልፈዋል፤ መድኃኒትሽን በደንብ ስለምትወስጂ ቫይረሱ በምርመራ አይታይም። አሁን የሳንባ ቲቢ ተገኘብሽና ሕክምና ጀመርሽ። ከዚያ ጠዋት ከምትወስጂው ቲኤልዲ (ዶሉቴግራቪርና ሌሎች ሁለት የኤችአይቪ መድኃኒቶች በአንድ ኪኒን) ሌላ ማታ አንድ ዶሉቴግራቪር ተጨመረልሽ። «ቫይረሱ ብሶብኝ ነው? ጉበቴስ አይጎዳም? ክንዴ ላይ የተቀበረው የእርግዝና መከላከያ ኢምፕላንትስ ይሠራል?» ነው ያልሽው።

አልባሰብሽም። ይሄን አስቀድሜ ልንገርሽ። የፋርማሲ መስኮት ላይ የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት ሳድል ዓመታት ቆይቻለሁ። ያቺን የማታ ኪኒን ሲቀበሉ ብዙ ሰዎች ይደነግጣሉ። አንዲት እናት በቀጠሯቸው ቀን ዕቃውን ሳይከፍቱት መለሱልኝ። «ልጄ፣ እጥፍ ሲሆን ይጎዳኛል ብዬ ነው» አሉኝ። ማንም ምክንያቱን ቁጭ ብሎ አላስረዳቸውም ነበር።

ምክንያቱ ሪፋምፒሲን ነው። ያው ሽንትሽን ብርቱካንማ የሚያደርገው የቲቢ መድኃኒት። በጉበትና በአንጀት ሴሎች ውስጥ ፒኤክስአር የሚባል ፕሮቲን አለ። ኒውክሌር ሪሴፕተር ከሚባሉት ወገን ነው፤ አንድ ኬሚካል ሲገባበት ዲኤንኤ ላይ ይቀመጥና የተወሰኑ ጂኖች ሥራ እንዲጀምሩ ያደርጋል። የኢስትሮጅን ሪሴፕተርም ከዚሁ ወገን ነው፤ እሱ ግን የራሱን ሆርሞን ነው የሚጠብቀው። ፒኤክስአር አይመርጥም። የመቀበያው ኪስ ሰፊና ተለጣጭ ስለሆነ በቅርጽ የማይገናኙ ብዙ ኬሚካሎችን ይቀበላል። ልክ እንደ ሰፈር ዘበኛ፣ እንግዳ ነገር ባየ ቁጥር ፊሽካውን ይነፋል። ያን ጊዜ ጉበት መድኃኒት የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችን በብዛት ማምረት ይጀምራል። ዋናው ሲዋይፒ 3ኤ4 ይባላል፤ በሥራ ላይ ካሉት መድኃኒቶች ግማሽ ያህሉ በእሱ በኩል ያልፋሉ።

ሐኪሞች ውጤቱን ያዩት ከሪሴፕተሩ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓ ሪፋምፒሲን የጀመሩ ሴቶች የወር አበባቸው ይዛባ፣ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን እየወሰዱም ያረግዙ ነበር። ፒኤክስአር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የስቲቨን ክሊወርና የሮናልድ ኢቫንስ ቡድኖች በዚያው ዓመት ጻፉበት። እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሪፋምፒሲን የሰውን ፒኤክስአር አጥብቆ ሲቀሰቅስ የአይጡን እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ በአይጥ ብቻ የተሞከረ መድኃኒት ሰው ላይ ሌላ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል።

ወደ አንቺ ልመለስ። ዶሉቴግራቪርን የሚሰባብሩት ኢንዛይሞች ፒኤክስአር ከሚያዛቸው ውስጥ ናቸው። በቀን አንዴ 50 ሚሊግራም ብቻ ብትወስጂ ከሪፋምፒሲን ጋር ደምሽ ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል፤ ቫይረሱም ቀዳዳ ሊያገኝ ይችላል። በ12 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ስትወስጂ መጠኑ ቀድሞ ከነበረው ጋር ይቀራረባል። አፍሽ ሁለት ይቀበላል እንጂ ደምሽ ውስጥ እጥፍ አይሆንም።

አንድ ነገር አደራ። የቲቢው መድኃኒት ያለቀ ዕለት የማታዋን ኪኒን እንዳታቆሚ። የተቀሰቀሰው ጉበት ወዲያው አይረጋም፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስድበታል። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ትቀጥያለሽ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ኢምፕላንቱን በተመለከተ ስጋትሽ ልክ ነው። ሆርሞኑ በዚያው ኢንዛይም ስለሚሰባበር አቅሙ ይቀንሳል፤ ክንዳቸው ላይ እያለም ያረገዙ አሉ። የእርግዝና መከላከያ ኪኒኑ ደግሞ ይብስበታል፤ ፖስትፒልም ይዳከማል። ሉፕ ግን አይነካም። ዲፖ መርፌም በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከሪፋምፒሲን ጋር ያለ ገደብ ይፈቀዳል። ኢምፕላንቱን ለማስወጣት አትቸኩዪ፤ እስክትወስኚ ድረስ ኮንዶም ጨምሩበት። ሪፋምፒሲኑ ካበቃ በኋላም አንድ ወር ያህል በዚያው ቀጥሉ።

የኢንዛይም መብዛት በራሱ የጉበት ጉዳት አይደለም። የቲቢ መድኃኒቶች ግን ጉበት ሊጎዱ ይችላሉ፤ ያ የተለየ ነገር ነው። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትሽ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ምግብ አልገባ ብሎ ካስመለሰሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ። መጠጥም ይቅርብሽ።

ሌሎቻችሁም ልብ በሉ። የልብ ቫልቭ ተቀይሮላችሁ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የምትወስዱ፣ ከቲቢ ጋር ነገሩ ሁለት ጊዜ ያስቸግራል። መጀመሪያ ደሙ ስለማይቀጥን ዋርፋሪኑ ይጨመራል። ሪፋምፒሲኑ ሲቆም ያው መጠን ይበዛና ያደማል። አንድ ወጣት ቲቢውን ጨርሶ ደስ ብሎት ሄደ፤ በሳምንታት ውስጥ ድዱ እየደማ መጣ። ደግነቱ አይኤንአሩ (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካው ምርመራ) ቶሎ ታየለት። የስኳር ኪኒኑ ግሊበንክላማይድና የብግነት ማስታገሻው ፕሬድኒሶሎንም በሪፋምፒሲን ይዳከማሉ። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ካርባማዜፒን ደግሞ ራሱ ፒኤክስአርን ይቀሰቅሳል።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ፣ ለድብርት ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ሴንት ጆንስ ወርትም ከቅጠል ተሠራ ተብሎ እንዳይናቅ። በውስጡ ያለው ሃይፐርፎሪን ፒኤክስአርን አጥብቆ ይይዛል። ልብ የተተከለላቸው ሕመምተኞች እሱን ጀምረው ሰውነት የተተከለውን እንዳይቃወም የሚወስዱት ሳይክሎስፖሪን ደማቸው ውስጥ ወርዶ ሰውነታቸው አዲሱን ልብ መቃወም እንደጀመረ እ.ኤ.አ. በ2000 ከዙሪክ ተዘግቧል። ከዶሉቴግራቪር ጋርም አይወሰድም።

ፒኤክስአር ግን ጠላት አይደለም። ሐሞት መውረጃው ተዘግቶ ጉበት ውስጥ የሚከማቹትን ጎጂ የሐሞት አሲዶች የሚያስወግደው እሱ ነው። በሐሞት መታገድ ለሚመጣ ክፉ ማሳከክ ሪፋምፒሲን የሚታዘዝበት ጊዜ አለ።

እህቴ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ የምትወስጂውን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱንም ጭምር፣ በፌስታል ይዘሽ ሂጂና ለፋርማሲስቷ አሳዪያት። የቤተሰብ ዕቅድ ክፍሉን ደግሞ በዚያው ቀን እለፊበት።