የብራውን ክርክር፦ የትምህርት ቤት መለያየት በፍርድ ቤት እንዴት ተረታ? (ጥያቄና መልስ)

መላሽ፦ የብራውን ክርክር ማለት በአሜሪካ ጥቁርና ነጭ ልጆችን በተለያየ ትምህርት ቤት የሚለየውን ሕግ የተቃወመው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው ክስ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አደራ፣ ፍርድንና አፈጻጸምን አታምታቱ።

ጥያቄ፦ የጥቁሮቹ ጠበቆች ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያልጀመሩት ለምንድን ነው?

መልስ፦ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። በ1896 በፕሌሲ ጉዳይ የጸናው «እኩል እስከሆነ መለየት ይቻላል» የሚለው የጠቅላይ ፍርድ ቤት መርህ ገና አልተሻረም ነበር። ጠበቆቹ ቻርለስ ሂዩስተንና ተማሪው የነበረው ቱርጉድ ማርሻል መርሁን ፊት ለፊት ከመግጠም «እኩል» የምትለዋን ቃል ያዙ። ለጥቁር ሕፃናት ቢያንስ የፈረሰ ትምህርት ቤት ስለነበር ስቴቱ «አለላችሁ» ማለት ይችላል፤ የሕግ ትምህርት ቤት ግን በብዙ ስቴቶች ጭራሽ አልነበረም። ሚዙሪ የሕግ ትምህርት ለጠየቀው ጥቁር ሎይድ ጌይንስ «ሌላ ስቴት ተማር፣ ክፍያውን እንችላለን» ብትልም በ1938 ተረታች። ቴክሳስም ለሌላው ጥቁር አመልካች ለሄማን ስዌት ቶሎ ብላ ትንሽ ትምህርት ቤት ብትከፍትም በ1950 ፍርድ ቤቱ ዝናና የተመራቂዎች ትስስርም ይመዘናል አለ።

በዚያው ቀን የተወሰነው የማክሎሪን ጉዳይ ይበልጣል። ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ጥቁሩን ተማሪ ማክሎሪንን ተቀብሎታል፤ ግን ከክፍሉ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ በበሩ በኩል ያዳምጣል፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለብቻው ጠረጴዛ ተመድቦለታል፣ ምሳ የሚበላው በተለየ ሰዓት ነው። መምህሩ ያው፣ መጽሐፉ ያው። የቀረው መለያየቱ ብቻ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ይህ እኩልነት አይደለም አለ።

ጥያቄ፦ እኛ ዋሽንግተን ነው የምንኖረው። የዚህ ከተማ ጉዳይ ለምን ለብቻው ተወሰነ?

መልስ፦ ሕግ ሁሉንም እኩል ይጠብቅ የሚለው የሕገ መንግሥቱ 14ኛው ማሻሻያ የሚያስረው ስቴቶችን ነው፤ ዋሽንግተን ስቴት አይደለችም። ስለዚህ ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት ማንም ነፃነቱን አያጣም በሚለው በ5ኛው ማሻሻያ ተወሰነ። ጉዳዩ ቦሊንግ ይባላል።

ጥያቄ፦ ከብራውን ጋር አብሮ የታየው የደቡብ ካሮላይናው ክስ መነሻው አውቶቡስ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ የክላረንደን አውራጃ ጥቁር ወላጆች መጀመሪያ የለመኑት አንድ አውቶቡስ ነበር። ከዚያ በኋላ የተጠየቀውን ዳኝነት ልብ በሉ። «እኩል አድርጉልን» ካላችሁ ፍርድ ቤቱ «አሻሽሉ» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። «የመለያየት ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳልና ይታገድ» ካላችሁ ግን በጊዜው ሥርዓት ሦስት ዳኞች ይሰየማሉ፣ ይግባኙም በቀጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይገባል። ማርሻል ወደ ሁለተኛው የዞረው ጉዳዩ በቀረበላቸው በዳኛ ዌሪንግ ግፊት ነው። በ1951 2 ለ 1 ተረቱ፤ ዌሪንግ በልዩነት ሐሳባቸው «መለያየት በራሱ እኩል አለመሆን ነው» ብለው ጻፉ፣ መንገዱም ተከፈተ።

አባል ሀ፦ ያሸነፈው ጥቁር ሕፃናት ከጥቁርና ከነጭ አሻንጉሊት የቱን እንደሚመርጡ የታየበት ጥናት ነው።

አባል ለ፦ በፍጹም! የተጠቀሰው በፍርዱ ግርጌ ማስታወሻ 11 ላይ ነው።

አባል ሀ፦ የበታችነት ስሜት የሚለው ሐሳብ ግን የፍርዱ እምብርት ላይ ነው ያለው።

መላሽ፦ ይብቃችሁ። የብራውን ክስ በተነሣባት በካንሳሷ ቶፒካ ውስጥ የጥቁርና የነጭ ትምህርት ቤቶች ሕንጻዎች ተመጣጣኝ ነበሩ። ሕንጻ ቆጥሮ መርታት በማይቻልበት ቦታ በልጁ ልቦና ላይ የደረሰው ጉዳት መረጋገጥ ነበረበት፤ የጥናቱ ሥራ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በ1954 ልጆቹ አብረው መማር ጀመሩ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገና ስንጀምር ተናግሬያለሁ! ሜይ 17 ቀን 1954 በ9 ለ 0 የተሰጠው ፍርድ ነው። የአፈጻጸሙ ትእዛዝ የመጣው በ1955 ሲሆን፣ ፍጥነትን ከጥንቃቄ ጋር አጣምሮ ቀነ ገደብ ሳያስቀምጥ ቀረ። በዚያ ቀዳዳ ስንት ልጅ ዕድሜውን አጣ! የቨርጂኒያው ፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ፤ እስከ 1964ም አልከፈታቸውም፤ የነጭ ልጆች ወደ ግል ትምህርት ቤት ሲሄዱ ብዙዎቹ ጥቁሮች ለዓመታት ሜዳ ላይ ቀሩ። ሌላው የቨርጂኒያ አውራጃ ኒው ኬንት ደግሞ «የፈለጋችሁትን ትምህርት ቤት ምረጡ» አለ፤ በሦስት ዓመት አንድም ነጭ ልጅ የጥቁሮቹን አልመረጠም። ስለዚህ በ1968 በግሪን ጉዳይ ስድስት ነገር ይፈተሽ ተባለ፦ የተማሪ ምደባ፣ መምህራን፣ ሠራተኞች፣ ማመላለሻ፣ ከክፍል ውጭ ያለ እንቅስቃሴና ሕንጻ። «አሁኑኑ» የሚለው ቃል የመጣው በ1969 ነው።

ጥያቄ፦ አሁንስ ሁኔታው እንዴት ነው?

መልስ፦ የቱ ከተማ? የቱ መዝገብ? ጥያቄውን አጥብቡት። የዲትሮይትን ከሆነ፣ በ1974 በሚሊኬን ጉዳይ 5 ለ 4 ተወስኗል፦ የዳርቻ ከተሞቹ ራሳቸው የመለያየት ጥፋት መፈጸማቸው ካልተረጋገጠ የማቀላቀል ትእዛዝ ወሰናቸውን አይሻገርም።