መልስ፦ ስፕሬይ ቀለም መሸጥ ላቁም ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጅማ መርካቶ ካለው ሱቅህ አጠገብ የትምህርት ቤቱ አጥር በስፕሬይ ስለተበላሸ መሸጡን ላቁም ወይ ብለሃል። አታቁም። ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ1992 በከተማዋ ውስጥ ሽያጩን ጨርሳ ከለከለች፤ ከከተማዋ ወሰን ወጣ ብሎ መግዛት ግን የሚከለክለው አልነበረም። አንተ ብታቆምም ልጁ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ይገባል፤ የሚጎዱት የጋራዥና የብረት በር ሠሪ ደንበኞችህ ናቸው።

ዋናው ነገር ጣሳውን ከእጅ ማራቅ ነው። ግድግዳ ለማበላሸት የሚውል ስፕሬይ ብዙ ጊዜ የሚሰረቅ ነው። ከባንኮኒው ኋላ የሚቆለፍ መደርደሪያ ውስጥ አስገባው፣ ፊት ለፊት ባዶ ጣሳ ለናሙና ይበቃል። ማታ ስትዘጋ በየቀለሙ ለይተህ ቁጠር፤ በጅምላ «24 ጣሳ» ብለህ ከመዘገብክ የትኛው ቀለም መቼ እንደጎደለ አታውቅም። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ደግሞ በፍጹም አታስቀምጥ፣ ከ50 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ሊፈነዳ ይችላል።

ከ18 ዓመት በታች ለሆነ አትሽጥ፣ ካሊፎርኒያ ይህን በሕግ ከልክላለች። ከጋራዥ የተላከ ልጅ ከመጣ ለአሠሪው ደውለህ አረጋግጥ።

አጥሩን በተመለከተ፣ ልስን ላይ ቲነር እንዳታስነኩት! ቀለሙን አሟሙቶ ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። መጀመሪያ የዘይት ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ ቀለም)፣ እሱ ሲደርቅ ሁለት እጅ የግድግዳ ቀለም ቀቡት። በቀጥታ በውሃ ቀለም ከሸፈናችሁት በተለይ ቀዩ ተመልሶ ብቅ ይላል። በክረምት ከሆነ ግድግዳው በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ የጅማ ዝናብ ያረጠበው ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል።